ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ

በቲሳ ወንዝ ዳርቻ፣ ሴገድ ከተማ ውስጥ፣
ትራሙ ሲታጠፍ መስታወቷ ሚንቀጠቀጥ
ጠባብ ሱቅ አለችኝ፦
ብሎን በየብልቃጥ፣ የብየዳ ሽታ፣
ባለቤት የረሳው ላፕቶፕ በየቦታ።

አራንካ መጣች ማክሰኞ ረፋድ ላይ፤
ዝናብ የጠጣ ኮት፣ ግማሽ ፊቷ ሳይታይ፣
ሣጥን ታቅፋለች በአልጋ ልብስ ጠቅልላ።
«የደዦ ነው» አለች፣ አስቀመጠች ቀስ ብላ።
«እሱ በበረዶው ወር፣ ይሄ ትናንት ዐረፈ።
የእህቴ ልጅ ዦምቦር ‹ቦታ ላስለቅቅ› ብሎ
ሲነካካ ዘጋበት፤ አሁን ደግሞ ቸኩሎ
‹ፎርማት ነው መድኃኒቱ› ይለኛል።
አንተስ? ሳይጠረግ ይድናል?»

ሰካሁት። ማራገቢያው እንደ አስመኛ አቃሰተ፤
ጥቁር ገጽ ተከፈተ፤
በጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ
ብልጭ ድርግም ትላለች፣
ከበላይዋ አንድ መስመር፦ «እንዲህ ያለ ክፍል የለም።»

ስንቱ ኮምፒውተር ነው በዚህ ቃል ተፈርዶበት
በችኩል ልጅ እጅ ባዶ መሬት የሆነው!
ፎርማት ማለት ለእኔ
ትንፋሹ ሳይወጣ ሰው መገነዝ ነው።

ፍላሽ ሰካሁበት፣ በፍላሹ ቀሰቀስኩት፤
በሰው ምርኩዝ ቆሞ ሆዱን ገልጦ አሳየኝ፦
አንድ ዲስክ፣ ሦስት ቤት።
ባንዱ አሮጌ ዊንዶውስ፣ ኢንተርኔት የማያውቅ፣
የንቦቹ መዝገብ፦ ቀፎው፣ ማሩ፣ ዱቤው፤
ባንዱ ሊኑክስ፣ ደዦ ውሎ የሚያድርበት፤
ሦስተኛው ጠፍ መሬት፣ አጥሩ ብቻ የቀረ።
እዚያም ሌላ ሊኑክስ ነበረ፣
ለሙከራ ተጀምሮ ጣሪያው ሳይከደን የቀረ፤
ዦምቦር «ማን ይኖርበታል?» ብሎ አፈረሰው።
ለካ የሦስቱም በረኛ፣
«ማንን ልቀስቅስ?» እያለ ሲጠይቅ የኖረው፣
የሚተኛው እዚያ ነው።

እንዲህ ነው የዚህ ዕቃ ሕግ፤
ኋላ የገባ እንግዳ ቁልፉን ይረከባል፤
እንግዳው የተባረረ ለት
ባለቤቱም ይቆለፍበታል።

በሊኑክሱ መስኮት ሾልኬ ገባሁና
ሥሩን ሥሬ አድርጌ
ለበረኛው አዲስ አልጋ ዘረጋሁ፤
«ቤቶቹን ቁጠር» አልኩት።
ዞረ። አንድ አገኘ። ቆየ። ሁለት አገኘ።
ሦስተኛውን ብጠብቅ ዝም አለኝ።
እውነቱን ነገርኳት፦
«የጀመረው ቤት አልተገኘም።»
«ጀምሮ የተወው ብዙ ነው» አለች፣ ሳትከፋ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ዝርዝሩ ወጣ፦ ሁለት ስም፣
ከሥሩ ከዐሥር ወደ ታች የሚቆጥር ቁጥር።
ሊኑክሱን መረጠች። የቀፎ ፎቶ፤
ጥጉ ላይ ሰዓት፦ ስድስት ሊሆን ጥቂት።
ወጥተን ወደ ዊንዶውስ ገባን።
እያዛጋ ተነሣ፣ እንደ ሽማግሌ፤
ጥጉ ላይ ሰዓት፦ አራት ሊሆን ጥቂት።

«አልዳነም እንዴ?»
«ድኗል። ይሄ የቆየ ጠባቸው ነው።
ማሽኑ ያለችው አንዲት ሰዓት ናት፤
ሊኑክስ በዓለም ልክ ይሞላታል፣
ዊንዶውስ ‹የሀገሬ ናት› ብሎ ያነባታል፤
ሁለቱም አይዋሹም፤
መሐላቸው ሁለት ሰዓት ይጠፋል።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች።
«የንብ ሒሳብ በያዘ ቀን» አለች፣
«ሾርባው ሁለቴ ይሞቃል።
‹ደዦ፣ ምሳ!› ስለው ‹ገና አራት ሰዓት ነው› ይላል፣
ከዚያ ክፍል፣ ረጋ ብሎ።
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ
አውቆ የሚያበሽቀኝ መስሎኝ!»

«ማስተካከያው አንድ መስመር ናት» አልኩ። «ልጻፋት?»
ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኳት።
ያኔ ከካቴድራሉ ማማ
የቀትር ደወል ጀመረ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤
ደወሉ ይሁን ትራሙ አልለየሁም።
«ምሳ ደረሰ» አልኩ፣ የምለው ጠፍቶኝ።

አራንካ የአልጋ ልብሱን እያጠፈች
ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አየች።
«ገና ነው» አለች።
«ገና አራት ሰዓት ነው።»