የመስኮቱ ወንበር

የመጀመሪያ ምድቤ ጨንቻ፣ ከተራራው አናት፣
ጉም ነበር የሚቀድመኝ፣ ክሊኒኩን ስከፍት ጠዋት፤
ካርድ ሳያወጣ፣ ስሙን ሳያስጠራ፣
ካግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ ይጠብቃል ተራ።
ከጉሙ በታች ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በታች ፖም፣
ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሐይቅ፣ እንደ ተኛ ሰው ዝም።
ለእኅቴ ፎቶ ብልክላት «ታድለሽ!» አለችኝ፣
«ገነት ተመድበሽ ደመወዝ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አንዲት እርጉዝ፣ ዘጠኝ ወሯ፣ ጀርባዋ ላይ እንጨት፣
ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታ ስትደርስ ከኔ ፊት፣
«ቦታችሁ እንዴት ያምራል» አልኳት፣ ላጫውታት ብዬ፤
«ምኑ?» አለችኝ።
ማዳመጫዬን አነሣሁ፣ መልስ ያገኘሁ መስዬ።

ዛሬ እሪ በከንቱ ነኝ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣
ክሊኒካችን ብቻ ቀርቷል፤ ሰፈሩ ሄዷል ተጠቅልሎ።
ጭነት መኪና ወሰደው፣ ከነአልጋው፣ ከነድመቱ፤
እኔ ጋ የቀረው ካርዱ ነው፣ ከነሳሉ፣ ከነትኩሳቱ።
የአያት፣ የእናት፣ የልጅ ካርድ ባንድ ላስቲክ ታስሮ፣
«የቤት ቁጥር» በሚለው ላይ የፈረሰ ቤት ሰፍሮ፤
የሐጂ ሙዘይን አስም፣ የነአስናቁ መንትዮች ክትባት፣
የስመኝ የሌሊት ላብ፣ «ለእናቴ እንዳይነገር» የተባለበት፣
ይህ ሁሉ እኔ ጋ ነው፤ ሰዎቹ ግን የት?

«የቤተሰብ ሐኪም» ይላል ወረቀቴ፣ ማኅተም ያረፈበት፤
ሰቡስ ይመጣል አንዳንዴ፤ ቤቱ ነው የጠፋበት።

ከመስኮቴ ትይዩ የቆርቆሮ አጥር ቆሟል፣
ሸራ ለብሷል፣ ሥዕል አለው፦ ሐይቅ፣ ተራራ፣ ጉም ይታያል።
«ውቢቷን አገርዎን ይጎብኙ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ፤
ከጀርባው እስካቫተር ያጓራል፣ እየተማሰ ነው ሰፈሩ።

ትናንት ከጨንቻ ተደወለ፦ «ቦታሽ ክፍት ነው፣ ነይ፤
ጉሙ አለ፣ ፖሙ አፍርቷል፤ ምን አለሽ አቧራ ላይ?»
«ላስብበት» አልኩ። የማስበውን ግን አላውቅም፤
ተዘግቶም ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድኩም።

ጋሽ ተካልኝ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ኮታቸውን ደርበው፣
ይመጣሉ ከቦሌ አራብሳ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይረው።
«እዚያ ጤና ጣቢያ አለ፣ አዲስ፣ ከብሎኩ ሥር» እላቸዋለሁ፤
«አለ» ይላሉ። «አይቼዋለሁ።»
ግፊታቸውን ስለካ ደህና ነው። ስኳራቸውም ደህና።
ጉልበታቸው ብቻ፣ አራተኛ ፎቅ ነውና።
መድኃኒቱን ጽፌ ስጨርስ «ትንሽ ልቀመጥ» ይላሉ፣
ወንበሩን አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።
ሲስተር ሐረገወይን በሩን ገፋ አድርጋ፦ «ዶክተር፣ ሰው ሞልቷል!»
«እሺ» እላታለሁ።
ጋሽ ተካልኝ ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

ዛሬ ነፋስ አድሮ ነበር። ከወንበራቸው ኋላ ሄጄ፣
የሚያዩትን ልይ ብዬ አንገቴን በሳቸው ልክ አዋርጄ።
ሐይቁ መሐሉ ተቀዷል፣ ቆርቆሮው ላይ ክፍተት አለ፤
በክፍተቱ ሦስት ደረጃ፣ ድንጋይ፤ ቤቱ ግን የለ።
ከሥሩ አንዲት ጤና አዳም፤ አጠጪዋ ታክሲ ለምዶ፣
እሷ ገና አልሰማችም፣ ሰፈሩ እንዳለቀ ሄዶ።

«ያቺን ታችኛዋን እያት፤ ውድነሽ ናት ያስጠረበች፣
‹ለጉልበትህ ትሁን› ብላ።
ጉልበቴ ቆየ፤ እሷ ሞተች።»

አፌ ላይ መጣ፣ ያው የድሮው ቃል፣ «እንዴት…»
ዋጥኩት፤ ያቺ እርጉዝ የቆመች መሰለኝ፣ ከነእንጨት።
እሳቸው ግን ቀደሙኝ፦ «ያምራል አይደል፣ ዶክተር?»
«ያምራል» አልኩ። በመስኮቱ አቧራ ይገባ ነበር።

ሐረገወይን ካርዱን ይዛ፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቅላ፦
«የቤት ቁጥራቸውን ልሰርዘው? ያዲሱን ብሎክ ልሙላ?»
ጋሽ ተካልኝ ኮታቸውን ቆለፉ። አየኋት።
«ተይው» አልኳት።

ቀጥሎ የገባው ሳል የያዘው ልጅ ወንበሩን እንደዞረ አገኘው፤
ተቀምጦ ወደ ውጭ አየ።
«ሐይቁን ማን ቀደደው?»