የኢሽቤል ደብተር

ሰኞ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ዳንዲ ከተማ፣ ካፊያ።
ኢሽቤል፣ ጡረታ የወጣች አውቶቡስ ነጂ፣
ከአጥሯ ሥር ቀንድ አውጣ ትቆጥራለች፤
«ሰባት» ብላ ጽፋ፣ ሰርዛ፣ «ስድስት» አለች፤
አንዱ ቅጠል ነበራ!

ማክሰኞ፦ «ሁለት ድንቢጥ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጫፍ።»
ጎረቤቷ ቶርኪል ሳቀ፦ «ደግሞ ድንቢጥ ይጻፍ!
ማን አጥቷት ይህቺን ወፍ?»

እርሳሷን በምላሷ አርሳ፣ ቀና ሳትል፦
«ሁሉ የሚያውቀውን ማንም አይጽፈውም፤
የጠፋ ዕለት ታዲያ፣ ቀኑን የሚያውቅ የለም።»

ረቡዕ፦ «ምንም።»
ምንምም ይጻፋል፤ ከሥሩም አሰመረች።

ሐሙስ፣ በአጥሩ ሽንቁር ብጣሽ ወረቀት ሾለከች፤
የቶርኪል ጠማማ ጽሕፈት፦
«አንዲት ድንቢጥ። በእኔ በኩል፣ ከሳማው ላይ።
ነፋስ ነበር። ቶሎ ሄደች።
ካንቺዎቹ ትሁን አትሁን አላወቅሁም።»