ሰባተኛው ምት

ማሽላው ታጭዶ የአገዳ ጉቶ በቀረበት ማሳ፣
ከጎሊና ማዶ፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣
ሃያ አራት ጆሮ ተከልን በመስመር፣
አምስት አምስት ሜትር፣
ሹል ብረት እግራቸው አፈሩን ነክሶ፣
ገመዱ እንደ መቁጠሪያ ከዳር ዳር ደርሶ።
ንፋስ ከተነሳ ጉዳችን ነው፤
የግራሩን ሥር መወዛወዝ እንደ ወሬ ይሰሙታል።

ሙሄ መዶሻውን አነሳ። «ልምታ?»
«ምታ።»
የብረት ሳህኑ ጮኸ፤ ዞብል ከወዲያ መለሰ።
እሱን አንፈልገውም፣ የላይ የላዩን።
የምንጠብቀው ወደ ታች የወረደውን፣
አለቱ ጀርባ ላይ ጋልቦ የሚመለሰውን ነው።
ዞሮ የሄደ
በአቋራጭ የመጣውን የሚቀድምበት ርቀት አለ።

እኔ እጅ የሚገባው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ብቻ፣
የሰከንድ ፍርፋሪ።
ደጃፍ የቆመ እንግዳ ሳይናገር፣
ከጫማው አቧራ አገሩን እንደ ማወቅ።

ማታ ቆቦ፣ ቀን የጋለ ቆርቆሮ ሥር፣ ሒሳቡን ፈታሁ።
ላይኛው፣ በሰከንድ አራት መቶ ሜትር፤ ደረቅ ደለል።
ታችኛው፣ ከሦስት ሺ በላይ፤ ጥቁር አለት፣ አያከራክርም።
መሃለኛው ነው ጣጣው፤ አንድ ሺ ስድስት መቶ።
ውሃ የጠገበ አሸዋ ይሆናል።
የበሰበሰ አለት ይሆናል።
ጭቃም ይሆናል፣ ውሃ ይዞ ውሃ የማይሰጥ፣
እንደ አንዳንድ ዘመድ።
ሦስቱም በዚያችው ሰዓት ይደርሳሉ፤
ኮምፒውተሩ ለሦስቱም እሺ ይላል።
የምድርን ሆድ ምድር ታውቀዋለች።

ሰባተኛው ምት ላይ ግን መስመሩ ጎበጠ።
አስራ አንደኛውና አስራ ሁለተኛው ጆሮ ዘገዩ፤
እዚያ ሥር አፈሩ ልል ነው፣ ሞገዱ በጥጥ መሃል እንዳለፈ።
ምቱም የሳሳ። ክንዱ የዛለ መስሎኝ ነበር።

ጧት ጠየቅሁት፦ «ሰባተኛዋን ምነው አሳሳሃት?»
መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።
ዝም አለ። ዝምታውንም ቆጠርኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

«እዚህ ጉድጓድ ነበር።
ዝናቡ የቀረ ዓመት ነው፤ እኔ አስር ዓመቴ፣ ገመድ ያዥ።
ቆፋሪው ወንድሜ እብሬ፣ አላህ ይዘንለትና።
አስራ አራት ክንድ ወርዶ አፈሩ እንደ ዱቄት ደረቅ።
‹አንድ ክንድ ልጨምር› አለ።
ግድግዳው መጣበት።
ገመዱ እጄ ላይ ቀለለ።
ማውጣት አልተቻለም፤ እዚያው ደፈኑት።
አንቺ ምታ ስትይኝ
በሙሉ ክንዴ እንዴት ልምታው?»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ሦስት ቀለም፣ ሦስት ንብርብር፤
አስራ አራት ክንድ ወደ ሰባት ሜትር፣
የመሃለኛው ራስ አስራ አንድ ላይ።
ጣቴን ተከትሎ እስከ ታች አየ።

«ቀርቦ ነበር?»

«አራት ሜትር» አልኩት።
ወደ ምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፤
ወደ ውሃ ይሁን ወደ ጭቃ።

ንፋሱ ተነሳ።