አምሳ አምስተኛዋ

ሳር አልነበረውም የከተማችን ሜዳ፤
ከመዳብ ጉድጓዱ ተዝቆ የተቀዳ
ቀይ አቧራ ብቻ፣ ቀይ ጠጠር፣ ቀይ አለት፤
ኳስ ሲነጥርበት
እንደ በረገገ ጥንቸል፣ አይታወቅም የሚገባበት።

እኔ ቁጥር ሰቃይ ነበርኩ። ደሞዜ ሁለት ፔሶ።
ቆርቆሮ ተሸክሜ፣ ላቤ ጀርባዬን አርሶ፣
መሰላል ላይ ነው ኑሮዬ፣ ከሰሌዳው በኋላ፤
በሚስማር ቀዳዳ አያለሁ፣ ፀሐይ ስሸሽ ከጥላ ጥላ።

ኤልፊዲዮ ባራጃስን ያን ዓመት ምን እንደነካው
እናቱም አላወቀች፣ ቄሱም አላወቀው።
የብርዱን ወራት ከመሬት ሥር ድንጋይ ሲፈልጥ የከረመ፣
ዝምተኛ ሰው፣ በፈንጂ አንድ ጆሮው የታመመ፣
በመጋቢት ዱላ ቢያነሳ
ኳስ አልመለስ አለ፤ አጥር ዘሎ ጠፋ፣ ገመዱን እንደ በጠሰ እንስሳ።

በግንቦት አሥራ ሁለት፤
በሰኔ ሃያ ሰባት፤
ነሐሴ ሲገባ ቁጥሬ አለቀ፤ የዘይት በርሜል ቆርጬ
አዲስ «አራት» ሠራሁ፣ ቀለሙን በጣቴ ረጭቼ።

ሆምራን ማለት ይህ ነው፦ ኳስ አጥር ካለፈች ሯጩ አይሮጥም፤
ይራመዳል እንጂ፤ የሚያሳድደው የለም።
ሕዝቡም በሽቦው ቀዳዳ ሳንቲም ያቀብለዋል።
ገንዘብ ያጣ አንዱ ሁለት እንቁላል ሰጠው።
አንዱም አልተሰበረ።

ከቀኝ አጥር ጀርባ ዶኛ ክሬሴንሲያ ነበረች፣
ጉድጓዱ ባሏን የበላባት፤ የሰው ልብስ ታጥባለች።
ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤
ግን ትቆጥራለች።
ጓሮዋ የወደቀውን በገንዳዋ ጩኸት፣
ሌላውን በሕዝቡ ጩኸት፤
በከሰል ግድግዳዋ ላይ መስመር፣ ከመስመር ቀጥሎ መስመር፤
የሊጉ ጸሐፊ ሲጠፋበት እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር።

እሑድ። የመጨረሻው ቀን። አምሳ አራት ላይ ቆሟል፤
ከወደቡ ከተማ ሟች ክብረ ወሰን ጋር ተካክሏል።
ፀሐይ ተራራው ላይ፣ አቧራው እንደ መጋረጃ።
ድምፁን ሰማሁ፣ ደረቅ ግንድ ሲሰነጠቅ፤
ኳሷን ግን አላየሁም። ማንም አላየ፤ ሁሉም ብድግ።

እኔ ቸኮልኩ። አራትን አውርጄ አምስትን ሰቀልኩ።
ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ጎን ወረወረ፦
«ከመስመር ውጪ!»
ጠርሙስ ዘነበ። የዳኛው ባርኔጣ ተቀደደ።
እኔም መሰላሉን መልሼ ወጣሁ።
ያን ያህል የከበደ ቆርቆሮ
በዕድሜዬ አልተሸከምኩም።
ቀጣይዋን ሳታት። ዓመቱ አለቀ።

በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ ሳንባው አቧራውን መመለስ ሲያቅተው፣
ሌላ ዱላ ተደግፎ ጓሮዋ ገባ፤ እኔ ነኝ የሸኘሁት።
ከስኳር ጣሳ ውስጥ ኳሷን አወጣች፦
«እንካ። ያንተ ናት። እዚህ ነው የወደቀች።»

አገላበጣት። ስፌቷን አይጥ በልቶታል።
«ዶኛ» አለ፣ «ዳኛው አልዋሸም።
ከዱላው ስትለቅ እጄ ነግሮኛል፤
ከምሰሶው ውጪ ነው ያለፈች፤
ነፋስ ነው ወደ ጓሮሽ የመለሳት።»
«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?»
«ሰዉ ሲያዝንልኝ ደስ ይለው ነበር።»

እጇን በቀሚሷ አደረቀች።
«አንተ ስለ ሜዳው አውራ፤ እኔ ስለ ግድግዳዬ ነው።»
ቢሆንም እርጥብ ጨርቅ ሰጠችው።

ቆመ ከመስመሮቹ ፊት፣
አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ፣ እየሳለ፣ እያረፈ፤
መቁጠሩ እስኪመሽ ቆየ።
መጨረሻዋ ጋ ሲደርስ ጨርቁን አየው፣
ጨመቀው፣
ገመዱ ላይ አሰጣው።