ሦስቴ ማንኳኳት

ከቧንቧ ውሃ በላይ፣ ከወፍጮው ቤት ጀርባ፣
የይመር ቤት ነበር፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባ።
እኔ ነበርኩ ዘቡ፣ ከበሩ ድንጋይ ላይ፣
በአንዱ ዓይኔ ጦሳን፣ በሌላው ፖሊስ ሳይ።
ኮፍያ ብቅ ሲል ከመታጠፊያው ጥግ፣
ሦስቴ አንኳኳለሁ፣ ኳ ኳ ኳ፣ እንደ ሕግ።
ካርታው ከፍራሽ ሥር፣ ብሩ በቡታንታ፣
ሰዉ ሁሉ ለቀስተኛ፣ ይመር የእዝን ጌታ።
ስንት አጎት ገደልን በአንድ ክረምት ብቻ፣
ለሳጅን ጓንጉል የሌሊት ዘመቻ!

ከዚያ ሕጉ መጣ።
በአራዳው መንገድ ዳር አዲስ ቤት አወጣ፤
አረንጓዴ መብራት፣ አሥራ አንድ ቴሌቪዥን፣
ትኬት የሚቆርጥ፣ ብር የሚቆጥር ማሽን።
ከግድግዳው ደግሞ፣ ከመስታወት በታች፣
"ፈቃድ" የምትል ወረቀት፣ በማኅተም ያጌጠች።

ይመር እያሳለ መጀመሪያ ሳቀ፦
"ጣዕሙ ምኑ ላይ ነው፣ ካልተደበቀ?"
ኅዳር ላይ ሙሄ ቀረ፣ ታኅሣሥ ላይ አሊጋዝ፣
ጥር ላይ ይመር ብቻ፣ ፋኖሱም ያለ ጋዝ።
ሎተሪ አዟሪዋ፣ እማማ መዲና ሳትቀር፣
"ዕጣዬን ማን ይግዛኝ?" ትላለች ስታማርር፤
"ሰው እስኪበስል ድረስ አይጠብቅም ዛሬ፤
በዘጠና ደቂቃ ይበላዋል ጥሬ።"

እኔም ሥራ አገኘሁ፣ ደንብ ልብስ ለብሼ፣
የአዲሱ ቤት ጥበቃ፣ ደመወዝ ቀምሼ።
ያው ቁማር ነው፤ ያው ላብ፣ ያው የተነከሰ ጥፍር፤
ልዩነቱ ደረሰኝ፣ ደረሰኝና ግብር።
ሳጅን ጓንጉል መጣ፣ ያ በጥፊ ያለኝ፣
"እንዴት ዋልክ ወንድሜ?" ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤
ትኬቱን ዘረጋ፦ "እስኪ አንብብልኝ፣
ስምንቱ ገብተዋል፣ አንዷ በላችብኝ።"

ድሮ የኑርዬ እናት፣ ልጇ የተበላ ለት፣
በይመር ደጃፍ ላይ ተቀመጠች ሌሊት።
"አፈር ስሆን ይመር፣ የታክሲ ገቢ ነው፤
ጌታው ሲጠይቀው ልጄ ምን ይበለው?"
ይመር ምድር ሰማዩን ሰድቦ ሰድቦ፣
ግማሹን መለሰ፣ ከቡታንታው ስቦ።

ባለፈው ቅዳሜም መጣች፣ ያችው ሴት።
ልጇ ዘንድሮም ያው፣ ያው ታክሲ፣ ያው ሽንፈት።
"የቱ ነው ባለቤቱ?" አለችኝ በቀስታ፤
ጣቴ ወደ ፈቃዱ ጠቆመ፣ በይሉኝታ።
ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን ዳሰሰች፣
በመስታወቱ ላይ። "አፈር ስሆን" አለች።
ለወረቀት።

ትናንት ይመር መጣ፣ ከኩራቱ ወርዶ፤
ሃምሳ ብር አስያዘ፣ የማልያ ቀለም ወዶ።
ሲወጣ አየኝ ዘልቆ፣ ከኮፍያ እስከ ጫማ፦
"እዚህስ ማን ሲመጣ ታንኳኳለህ? እስቲ ልስማ።"
መልስ አልነበረኝም።

ማታ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር፣
ኑርዬ መስኮቱ ላይ ዝርዝሩን ሲቆጥር፣
እጄ፣ ሳላዘው፣ በሩ ላይ ተነሣ፤
ኳ። ኳ። ኳ።
ካርታ የሚደብቅ የለም። ማንም አልተነሣ።
ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጓንጉል ቀና አለና
(ምልክቷን ለካ ያውቃት ኖሯል ያኔ ገና)
"ዛሬስ ማን ሞተ?" አለኝ፤
መልሴን ሳይጠብቅ
ዞረ፣ ወደ ጨዋታው።