የድንበር ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ፣ ከችሎቱ በራፍ፣
ሁለት ወንድማማች፣ ካግዳሚው ጫፍ ለጫፍ፣
«ድንጋዩን ነቅሎታል!» «እኔስ አልነቀልኩም!»
ሲባባሉ ሰማሁ፤ በልቤ አልፈረድኩም።

የኛንም ሐኪሙ «ድንበር ነው» ብሎኛል፤
የማንጠግቦሽ ሕመም ድንጋዩ ሌት ይሄዳል።
ጠዋት ጠበልዋ ነኝ፣ ሲመሽ መርዟ እኔው ነኝ፤
ሩብ ሰዓት ብዘገይ «ለዘላለም ተውከኝ»
ብላ አዲስ ጋቢዬን አውጥታ ለኮሰች፤
ሌሊት ነጠላዋን እኔን አለበሰች።

ጠበቃዬ አንሙት መልእክቷን ቆጠረ፤
አርባ አንድ ባንድ ሌሊት፤ ስድቡን አኖረ።
«አትሂድብኝ» የሚለው «ክሱን ያላላል» አለ፤
ሰረዘው። ጆሮዬ ውስጥ ግን እስካሁን አለ።

ልጃችን ፋንታነሽ፣ ሰባት ነው ዓመቷ፣
ደመና ታያለች ካናቷ፣ ከናቷ።
በናቷና በኔ መሀል፣ አግዳሚው ላይ፣
ጫማዋን አኖረች እንደ ድንበር ድንጋይ።

ስማችን ተጠራ። ማንጠግቦሽ ተነሣች፤
ጫማውን አነሣች።
ትወረውራለች ስል፣
አጥልቃላት፣ ክሩን ቀስ ብላ አሰረች።

ከችሎት ሳንገባ ዞር ብላ አየችኝ፤
«ብርድ ነው፤ ጋቢህስ?» ብላ ጠየቀችኝ።