ላዕላይና ታህታይ

የከተማው ሹሞች አዳራሹን ጠርገው፣
አበባ አስቀምጠው፣ ከረባት አድርገው፣
«ወደ ፊት ትምጣልን መምህር ናዚብሮላ!»
ብለው ስም ሲጠሩ፣ ጭብጨባው ሲሞላ፣
የፊተኛው ወንበር ባዶ ሆኖ ቀረ፤
ከንቲባው ወረቀት እንደያዘ አፈረ።
«ተማሪዋ ነበርክ፤ ይህን ይዘህ ጥራ!»
አሉኝና ወጣሁ ወደዚያ ተራራ።

በጆርጂያ ምድር ገደል የከፈላት፣
ቺያቱራ አገሬ ጥቁር አቧራ ያላት፣
ከላይ ማንጋኒዝ ቆፋሪ፣ ከታች ገበያው ሲደምቅ፣
መሐሉ አየር ነው፣ እግር የማይዘልቅ።
በዚያ አየር ላይ ነበር ገመድ የወጠሩት፣
በብረት ሳጥን ውስጥ ሰዉን ያሻገሩት።
ናዚብሮላ ያኔ ሞተሩን አስነሺ፣
የመሸበትን ሰው ወደ ቤት መላሺ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት።
ገመዱ አረጀ፤ ጣቢያው ተዘጋባት፤
ቁልፉ ግን በኪሷ ዝም ብሎ ቀረባት።

የመጀመሪያው ልጅ እኔ ነበርኩ፤ በዘጠኝ ዓመቴ፣
ማታ ፈረቃ ናት ማዕድን ላይ እናቴ፤
ከጣቢያው ደረጃ በብርድ ተቀምጬ፣
ዜሮውን ፈተና ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬ።
በሩ ተከፈተ፤ ፋኖስ አንጠልጥላ፣
«አውጣው» አለች ብቻ፣ እግሬን አስተውላ።
በጥቁሩ መስኮት ላይ በጣቷ አሰመረች
አንድ አግድም መስመር፤ «ገመድ ነው» ጀመረች፤
«ላዕላዩ ከላይ ነው፣ ፈረቃ ላይ ናት እናትህ፤
ታህታዩ ከወንዝ ዳር፣ ያ ጨለማው ቤትህ፤
ገመዱ ከሌለ ምን አለን እኛ?
ገደልና ገደል፣ ያለ መገናኛ።»

ከዚያ ሰባት ሆንን፤ ከዚያም ሃያ ሆነ፤
ጫማ ሰፊው ቫሁሽቲ ምድጃ ለመነ፤
ጺሳና፣ ነርሷ፣ ከሥራ ስትወጣ
ጥርሳችንን ልታይ ነበረ የምትመጣ፤
ሹፌሩ ዛውሪ ደግሞ፣ ሳንቲም ለሌለው ልጅ፣
«ነገ ትከፍላለህ» ነው፤ ሌላ መልስ የለው እንጂ።
ያ ነገ እስከ ዛሬ አልነጋም መሰለኝ፤
አንድ አውቶቡስ ሙሉ ዕዳ አሁንም አለኝ።

ሁሉም አልተሳካም። ጎደርዚ የሚባል፣
ከሁላችን በላይ ቁጥር የሚገባው፣
በአሥራ አምስት ዓመቱ ጉድጓድ ገባ፤ ቀረ።
ወንበሩን ግን ማንም እንዳይቀመጥበት
አልከለከለችም። አዲስ ልጅ ሲመጣ
እዚያው ነው የምታስቀምጠው፣
«ሙቅ ናት» እያለች።

ሦስት መቶ ደረጃ ወጥቼ ደረስኩኝ፤
«ሹሞቹ ቆመዋል፣ ይጠብቃሉ» አልኩኝ።
«ረቡዕ ነው» አለችኝ፤ «ክፍልፋይ ነው ዛሬ፤
ይልቅ ቁጭ በል፤ ሥራ አታስፈታን በወሬ።»
ወረቀቱን ሰጠኋት፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣
ስሟ በደማቁ ቀለም የተሣለው።
አገላበጠችው፤ ጀርባው ነጭ ነበር፤
«ወፍራም ነው፤ ጥሩ ነው» አለች፣ «ለመደመር።»
ለትንሿ ፒክሪያ ከእርሳስ ጋር ሰጠቻት፦
«አንድ ሦስተኛ ላይ ደምሪ አንድ አራተኛ።»
ልጅቱ ቸኩላ ጻፈች፦ ሁለት ሰባተኛ።
ናዚብሮላ ሳቀች፦ «ታህታዩ ሳይስማማ
ላዕላይ አይደመርም፤ እዪ የእኛን ከተማ!
መጀመሪያ ውረጂ፤ ከታች ፈልጊና
የጋራውን አግኚ፤ ያኔ ውጪ እንደገና።»

ፒክሪያ ምላሷን አውጥታ አሰበች።
ፋቀች። ጻፈች። ደግማ ፋቀች።
ከከንቲባው ፊርማ ጀርባ፣ በተንጋደደ እጅ፣
ሰባት አሥራ ሁለተኛ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤
ሹሞቹ ናቸው። አላነሣሁትም።
ክፍሉ ሞልቷል፤ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣
የጎደርዚ ወንበር።
ተቀመጥኩባት።

እውነቷን ነው።
ሙቅ ናት።